የእቴጌዋ ድምፅና የእናቶቻችን ካሴት

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዘው ስለነበር ያ መልእክት ዛሬ የለም። በተከታዩ ዓመት ምኒልክና ጣይቱ በድምፅ የላኩት መልስ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ስለዚህ ከቀደምት የኢትዮጵያውያን የድምፅ ቅጂዎች አንዱ የሴት ድምፅ ነው።

የእቴጌይቱ ድምፅ ባይቀረጽም ታሪካቸው አይጠፋም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ነበረው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዘመኑን ታሪክ ጽፈዋል። እናቶቻችን ግን ጸሐፊ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሳይቆጥሩ የቀሩም አሉ። ደብዳቤ መላክ ሲፈልጉ የጎረቤት ተማሪ ያስጠሩ ነበር። በተማሪው ፊት ደግሞ ሁሉ ነገር አይነገርም። የባል ነገር፣ የዕዳ ነገር፣ የሕመም ነገር ይቀራል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው «እኛ ደህና ነን» የሚለው ብቻ ነው።

ይህን የለወጠው ቴፕ ነው። ልጆች ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ሲሄዱ እናቶች በር ዘግተው በገዛ አፋቸው በካሴት ላይ አወሩ። አንዱ ካሴት 60 ወይም 90 ደቂቃ ይይዛል፤ ለእናት ወሬ ግን አይበቃም።

በዚህ ዓመት አባሎቻችን እነዚህን ካሴቶች እንዲያመጡ ጠይቀን ነበር። አንዷ በፌስታል፣ ሌላዋ በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። የተጠላለፈውን ክር በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን ቡና እየተፈላ አደመጥን። አንዲት እናት ቤይሩት ላለች ልጃቸው የጤፍ ዋጋ ይነግራሉ፣ ከእድሩ ማን እንደሞተ ይቆጥራሉ። ከጀርባ ዶሮ ይጮኻል። ቀጥለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ እንዴት በእግራቸው እንደወጡና በመንገድ ማንን ቀብረው እንደመጡ ይናገራሉ። ልጅየዋ ታላቅ ወንድም እንደነበራት የሰማችው በዚያ ካሴት ነው። እናትየው ዛሬ በሕይወት የሉም።

ሌላ ካሴት ስንከፍት ግን ዘፈን ወጣ። ልጆች ሆነን የእናታችንን ድምፅ አጥፍተን የቀዳንበት ነው። በመጨረሻው ላይ «…በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ያገናኘን» የምትል ቁራጭ ብቻ ተርፋለች። ያቺን ቁራጭ ደጋግመን ሰማናት። ጥፋቱ የእኛው ስለሆነ የምንወቅሰው ሰው አጣን።

ስለዚህ በሕይወት ያሉትን እናቶች በስልክ መቅረጽ ጀመርን። አንዲት እናት ስለ ልጅነታቸው ሲያጫውቱን ቆይተው ቀይ ሽብር ላይ ሲደርሱ «ይህንንስ አጥፉት» አሉን። አጠፋነው። ታሪኩ የእርሳቸው ነው፤ የሚሰጡትም የሚነፍጉትም እርሳቸው ናቸው። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው አስጠሩንና «ዛሬ ክፈቱት» አሉን።

የካሴት ክር በእርጥበት ይሻግታል፤ ሲቆይም ድምፁ ይደክማል። ስለዚህ እህቶች፣ በየቁም ሣጥኑ ያለውን አምጡ፣ ሳይበላሽ እንገልብጠው። ደጋፊዎቻችን ደግሞ የሚሠራ ቴፕ ካላችሁ አውሱን። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይጠይቃል። ለእናቶቻችን ይህን ያህል ጊዜ አናጣም።