«6000» የተጻፈበት ባትሪ እውነት ከ4000ው በላይ ይቆያል?

ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መሀል ላይ ሲሪንቃን ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ እኛ ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ስልክ ባትሪ ነው። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በጦርነቱ ምክንያት አካባቢው ለወራት መብራት አልነበረውም። ሙሉ ቻርጅ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው አይነገረውም። ታዲያ ሞባይል ቤት ገብታችሁ «የስልክህ 4000 ነው፣ ይሄኛው 6000 ነው፣ ሁለት ቀን ይይዝልሃል» ስትባሉ ማን እምቢ ይላል?

ችግሩ ባትሪው የሚገባበት ቦታ ያው መሆኑ ነው። የሊቲየም ባትሪ የበለጠ የሚይዘው ወይ ሲተልቅ ወይ ውስጡ የተሠራበት ነገር ሲቀየር ነው። ኦነር እ.ኤ.አ. በ2023 ማጂክ 5 ፕሮን ሲያወጣ ለቻይና ገበያ ሲሊኮን ካርቦን የሚባለውን አዲስ ዓይነት ባትሪ ገጠመለት፤ 5450 ኤምኤኤች። ለሌላው ዓለም የሸጠው ያው ስልክ 5100 ነው። ልዩነቱ 7 በመቶ ገደማ ብቻ! ትልቅ ካምፓኒ በአዲስ ቴክኖሎጂ ይህን ያህል ከጨመረ፣ ስም የለሹ ባትሪ በዚያው ውፍረት 50 በመቶ ከየት አመጣ? ከተለጣፊ ወረቀቱ ነዋ።

«እኔ ግን ቀይሬ በደንብ ቆየልኝ» የምትሉ አላችሁ፣ እውነታችሁን ነው። ግን ያወዳደራችሁት ከደከመው አሮጌ ባትሪ ጋር ነው። ብዙ የስልክ ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ከሞላና ካለቀ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፣ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ሐቀኛ 4000 ብትገዙም ያው ለውጥ ይታያችሁ ነበር።

ያለ ምንም መሣሪያ ማጣራት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ዋት አወር እዩ። 6000 ኤምኤኤች በ3.85 ቮልት 23 ዋት አወር አካባቢ ይሆናል። 15 ከሚል ባትሪው 4000 ነው፣ ራሱ መስክሮበታል። ሁለቱም ቁጥር ውሸት ከሆነስ? ስልኩ ሲያልቅ አጥፉትና 5 ቮልት 1 አምፒር በሚል ቻርጀር ሰኩት። ይህ ቻርጀር በሰዓት ከ5 ዋት አወር በላይ አይሰጥም። እውነተኛ 6000 ምንም ሳይባክን እንኳ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሦስት ሰዓት ከሞላ ገንዘባችሁን ተበልታችኋል።

ከገንዘቡ የሚብሰው ግን አደጋው ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7ን ከገበያ የሰበሰበው ስልኩ እሳት እያስነሳ ነው። ሲመረመር በመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ጥግ ላይ ያለው ክፍል ቦታ ጠቦት ተጣሞ ተገኘ። እንግዲህ ወፍራም ባትሪ በግድ ተጭኖ ስክሪኑ ሲነሳ አስቡት! ስክሪኑ ወይ የጀርባ ክዳኑ ከፍ ካለ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ ያበጠውን እንዳትበሱት፣ እንዳትጫኑት።

ስትቀይሩ ስልኩ ይዞት የመጣውን ቁጥር ጠይቁ። ለመብራት መጥፋት ፓወር ባንክ ይሻላል፤ እሱም ላይ ዋት አወሩን እዩ።