በ5 ኮፔክ ሞስኮን መዞር

በሶቭየት ኅብረት ዘመን የትምህርት ዕድል ያገኘ የውጭ አገር ተማሪ ሁሉ ሞስኮ አይመደብም ነበር። ኪየቭ፣ ሚንስክ፣ ኦዴሳና ሌኒንግራድ የደረሱት ብዙ ናቸው፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዛት የተላኩት ኢትዮጵያውያንም እንዲሁ። እነዚህ ተማሪዎች ዋና ከተማዋን የሚያዩት ትምህርት ሲዘጋ ነው። ተማሪው ከተመደበበት ከተማ ለመውጣት በቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ የሌሊት ባቡር ይሳፈራል። ርካሹ የመኝታ ፉርጎ የተዘጋ ክፍል የሌለው፣ 54 አልጋ የተደረደረበት ነው። ከሌኒንግራድ የተነሳ ሰው 650 ኪሎ ሜትር ያህል ተኝቶ ተጉዞ ማለዳ ሞስኮ ይገባል።

በቡድን ለመጡ ተማሪዎች ጉብኝቱ ራሱ ትምህርት እንዲሆን ታስቦ የተሰናዳ ነበር። መነሻው ቀይ አደባባይ፣ የሌኒን መቃብር ነው። አርክቴክት ሽቹሴቭ የነደፈው የግራናይት ሕንፃ በ1930 ተጠናቀቀ፤ ከ1953 እስከ 1961 የስታሊን አስከሬንም እዚያው ጎን ለጎን ተኝቶ ነበር። ሰልፉ ረጅም፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነው። ውስጥ ሲገባ ባርኔጣ ይወልቃል፣ እጅ ከኪስ ይወጣል፣ ፎቶ ማንሳትም ቆም ማለትም ክልክል ነው። ያ ሁሉ ሰዓት የተጠበቀው ጉብኝት በደቂቃዎች ያልቃል።

የተማሪው እውነተኛ ሙዚየም ግን ከምድር በታች ነበር። በግንቦት 1935 የተከፈተው ሜትሮ ከ1961 እስከ 1991 ዋጋው 5 ኮፔክ ብቻ ነበር። ሳንቲሟን ጥሎ የገባ ሰው እስካልወጣ ድረስ መስመር እየቀያየረ ቀኑን ሙሉ ቢዞር ጠያቂ አልነበረውም፤ በዚያ ላይ ይሞቅ ነበር። በማያኮቭስካያ ጣቢያ ጣሪያ ላይ ሠዓሊው ዴይኔካ የነደፋቸው ሞዛይኮች አሉ። በ1938 በተከፈተው የአብዮት አደባባይ ጣቢያ ደግሞ 76 የነሐስ ሐውልቶች በየቅስቱ ሥር ይገኛሉ፦ ወታደር፣ ገበሬ፣ ተማሪ፣ ውሻ የያዘ ድንበር ጠባቂ። የውሻው ገላ ጠቁሯል፤ አፍንጫው ግን ወርቅ መስሏል። ፈተና ያለበት ተማሪ ሁሉ ለዕድል እየዳሰሰው ያልፋልና። አብዮትን እንዲያስተምር የተሠራው ጣቢያ በተማሪዎች ዘንድ የታወቀው በውሻው ነው።

ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በ1880 የተመረቀው የፑሽኪን ሐውልት ሌላ ትርጉም ነበረው። የገጣሚው ቅድመ አያት አብርሃም ጋኒባል በልጅነቱ ከኦቶማን ዋና ከተማ ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት የተወሰደ፣ በኋላም እስከ ጄኔራልነት የደረሰ አፍሪካዊ ነው። የትውልድ ቦታው ኢትዮጵያ ነው መባሉ አከራካሪ ነው፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ወደ ቻድ ሐይቅ አካባቢ ይወስዱታል። ከሐውልቱ ሥር ቆሞ ፎቶ የሚነሳው ኢትዮጵያዊ ግን ክርክሩን ከጨረሰ ቆይቷል።

ጥር 31 ቀን 1990 የፑሽኪን ሐውልት በቆመበት አደባባይ የመጀመሪያው የሞስኮ ማክዶናልድስ ተከፈተ፤ በዕለቱ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ተስተናገደ። በዓመቱ የሜትሮው ዋጋ ወደ 15 ኮፔክ አደገ። በታኅሣሥ 1991 ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ኪየቭና ሚንስክ በሌላ አገር ቀሩ፤ በዚያ የሚማረው ተማሪ የሚኖርባት አገር ዋና ከተማ ሞስኮ መሆኗ አበቃ። በሩብል የሚከፈለውን የተማሪ አበልም የዋጋ ንረቱ በላው።