ጥናተ አየርላንድ

በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «አይሪሽ ስተዲስ» እየተባለ የሚጠራውን፣ የአየርላንድን ልሳን፣ ድርሰት፣ ታሪክና ባህል በአንድነት የሚመረምረውን የትምህርት ዘርፍ፣ እኛ «ጥናተ አየርላንድ» ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። «የአይሪሽ ቋንቋ ትምህርት» ያልነው እንደ ሆነ ግን ስሙ ይጠብበታል፤ የአየርላንድ ደራስያን ዬትስና ጆይስ የጻፉት በእንግሊዝኛ ነውና ከደጅ መቅረታቸው ነው።

የዚህ ጥናት መሠረት የተጣለው ከደሴቲቱ ውጭ መሆኑ ያስገርማል። በቀደመው ዘመን ባሕር ተሻግረው በአውሮፓ ገዳማት የተቀመጡ የአየርላንድ መነኮሳት፣ የላቲን መጻሕፍት ሲያነቡ የከበዳቸውን ቃል በመስመሮቹ መካከልና በብራናው ኅዳግ ላይ በገዛ ልሳናቸው ይፈቱት ነበር። ባቫርያዊው ሊቅ ዮሐን ካስፓር ዞይስ በቩርዝቡርግ፣ በሚላኖና በስዊስ አገር በቅዱስ ጋል ተጠብቀው የቈዩትን እነዚህን ፍችዎች መርምሮ፣ የአየርላንድ ልሳን የሚመደብባቸውን የኬልት ልሳናት ሰዋስው በ1853 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) በላቲን አሳተመ። በቅዱስ ጋል ያለው፣ በ9ኛው መቶ ዓመት የተገለበጠው የጵርስቅያኖስ የላቲን ሰዋስው የሊቅነት ፍች ብቻ የሞላበት አይደለም፤ አንዱ ጸሓፊ ኦጋም በሚባለው፣ በጭረት ብቻ በሚጻፈው ጥንታዊ ፊደል፣ ቢራ አብዝቶ ያደረ ሰው ማለዳ የሚሰማውን ሕመም የምትገልጽ አንዲት ቃል በኅዳጉ አስፍሯል። ቀኑን ሙሉ የላቲን ሰዋስው ሲገለብጥ ለሚውል ሰው ይህን ያህል ይቅር ሊባልለት ይገባል።

በ1903 ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ኩኖ ማየር የአየርላንድ ትምህርት ማዕከል በደብሊን አቋቋመ። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ በብራና ሲጠመዱ በባላገሩ አፍ የነበረው ሀብት በየመቃብሩ ይወርድ ስለ ነበር፣ በ1935 የቃል ትውፊት የሚሰበስብ ኮሚሽን በመንግሥት ተሠየመ፤ ከ1937 ጀምሮም ወደ 50,000 የሚጠጉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ተረት፣ መድኃኒትና የረኀብ ዘመን ወሬ በደብተራቸው እየጻፉ አቀረቡ። እንደኛ አስተያየት ከዞይስ ሰዋስው ይልቅ ይህ የሕፃናት ሥራ የበለጠ ሊደነቅ ይገባዋል።

ከ1845 ወዲህ በድንች መበላሸት የተነሣው ረኀብ ሕዝቡን ወደ አሜሪካ ስለ በተነውም፣ ጥናቱ በደሴቲቱ ዳርቻ አይገታም፤ የስደተኛው ኑሮና ድርሰት የእርሱ ክፍል ነው። «ጥናተ ኬልት» ከሚባለው የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ያኛው ዌልስንና ብሬታኝን ጨምሮ የልሳናቱን ዝምድና ሲከተል፣ ይህኛው አንድን ሕዝብ በሄደበት ሁሉ ይከተላል።