ድሪሉ ላይ ያለው እጀታ ከየት መጣ?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤ የመጣሁት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲቆም መካነ ኢየሱስ የግንባታ ከተማ ትሆናለች። ብሎኬት ይራገፋል፣ ፌሮ ይቆረጣል፣ በርና መስኮት ይገጠማል። ያ ግድግዳ የሚበሳው ማሽንም በየሰፈሩ ሲጮህ ይውላል። ትክክለኛ ስሙ ሮታሪ ሀመር ነው። አንዳንዱ ድሪል ይለዋል፤ በየሳይቱ ደግሞ ማንም ያምርተው ማን "ሂልቲ" ሲሉት ትሰማላችሁ። ሂልቲ እ.ኤ.አ. በ1941 በትንሿ አገር ሊችተንስታይን የተቋቋመ ድርጅት ስም ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ "ኦሞ" እንደሚባለው ማለት ነው።

ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ አሁን እንጀራችሁን የምትበሉት በዚህ ማሽን ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ድሪል አያያዝ ላስተምራችሁ አልነሳም፤ እጃችሁ ከኔ በላይ ያውቀዋል። የምነግራችሁ ታሪኩን ነው። የጎን እጀታው፣ የግራይንደሩ ክዳን፣ የስፒናው ሦስተኛ እግር፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ማስክ፣ እነዚህ ሁሉ ለጌጥ የመጡ አይደሉም። ከኋላቸው ሰው አለ።

ከራሳችን አካባቢ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ መንደር አቋቋሙ። እነ ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆነው መድፍ ቀለጡ። ትልቁ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፈው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መጋቢት 1868 መቅደላ ገቡ። መድፉ እንዲያልፍ መንገድ መሠራት ነበረበት፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ያን ገደል ያዘጋጀው የሰው ክንድ ነው። የዋልድማየርን ስም እናውቃለን። ዓለቱን የፈነቀለው ገበሬ ስንት ጣት እንዳጣ፣ ማን እግሩ ላይ ድንጋይ እንደወደቀበት ግን የቆጠረ የለም። ይቺን "መቁጠር" የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

በነዚያው ዓመታት በፈረንሳይና በኢጣሊያ መካከል፣ አልፕስ ተራራ ሆድ ውስጥ፣ ሌላ ዓለት ይበሳ ነበር። የሞን ሴኒ የባቡር ዋሻ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1857 የተጀመረው በመሮና በመዶሻ ነው፤ አንዱ መሮውን ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። በዚህ አካሄድ 25 ዓመት ይፈጃል ተብሎ ነበር። ሶሜዬ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1861 በታመቀ አየር የሚሠራ መብሻ አስገባ። በታኅሣሥ 1870 ከሁለቱ ወገን የመጡት ቆፋሪዎች መሐል ላይ ተገናኙ፤ በ1871 ባቡር አለፈ። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ማሽን አያቱ ይህ ነው።

ነገር ግን ፍጥነት ዕዳ ይዞ መጣ። በእጅ ሲመታ ትንሽ ብናኝ ነበር የሚወጣው፤ በማሽን ሲመታ ደመና ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ሌይነር የሚባል ሰው ፈጣን መብሻ ሠራ። ፑንታውን መሐሉን ክፍት አድርጎ፣ በዚያ ቀዳዳ አየር እየነፋ ብናኙን ከጉድጓዱ ያስወጣል። ቆፋሪዎቹ ግን በዚያ አቧራ አንሠራም አሉ። ሌይነርም ተመልሶ በዚያው ቀዳዳ ከአየሩ ጋር ውኃ እንዲገባ አደረገ፤ አቧራው ወደ ጭቃ ተለወጠ። ልብ በሉ፣ መሣሪያውን ያሻሻለው የፈጣሪው ብልሃት ብቻ አይደለም። "እምቢ" ያለው ሠራተኛ ጭምር ነው።

እምቢ ማለት የማይችል ሠራተኛስ? ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሆክስ ኔስት በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 ለውኃ ኃይል ማመንጫ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ ተቆፈረ። የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሥራ ፍለጋ ከሩቅ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ዓለቱ በሲሊካ የበለጸገ ነበር። የውኃው ዘዴ ከ30 ዓመት በላይ ሲታወቅ ቆይቶ ሳለ በደረቁ አስቦረቦሯቸው። ሲሊካ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ሳንባውን ያጠነክረዋል፣ ከገባ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ኮንግረስ ጉዳዩን ሲሰማ 476 ሞት ተጠቀሰ። ከ50 ዓመት በኋላ ቼርኒያክ የተባለ ሐኪም መዝገብ አገላብጦ ወደ 764 አደረሰው። ስለ ሥራ ቦታ አቧራ ሕግ መጮህ የበረታው ኮንግረስ ጉዳዩን ከሰማ ወዲህ ነው።

እናንተ ዋሻ አትቆፍሩም፤ አውቃለሁ። በቀን ሁለት ቀዳዳ የበሳ ሰው ሆክስ ኔስት አይገባም። ነገር ግን ኮንክሪት ውስጥ ያለው አሸዋ ብዙውን ጊዜ ሲሊካ አለበት። በር ተዘግቶ፣ ጣሪያ ሥር፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት ከሆነ ነገሩ ይለያል። መስኮት ክፈቱ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ደህና ማስክ እሰሩ። ከሌይነር ተምሬያለሁ ብላችሁ ደግሞ በኤሌክትሪክ ድሪል ላይ ውኃ እንዳትረጩ! የሱ ማሽን በአየር ነበር የሚሠራው።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመን ሽቱትጋርት ውስጥ የፌይን ፋብሪካ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መብሻ ሠራ። በ1917 ብላክ እና ዴከር የተባሉ አሜሪካውያን ሽጉጥ የመሰለ እጀታና በጣት የሚሳብ ማብሪያ ላለው መብሻቸው የባለቤትነት መብት አገኙ። ጣት ሲለቅ ማሽኑ ይቆማል። ለምቾት የተሠራች ነገር ናት፤ ግን ስንት ሰው አተረፈች! አንዳንዱ ማሽን ላይ ጣት ቢለቅም እንዲሠራ የምታደርግ ትንሽ መቆለፊያ አለች። መሰላል ላይ ሆናችሁ እሷን አትንኩ።

በ1932 ደግሞ ቦሽ የኤሌክትሪክ መዶሻ መብሻውን አወጣ። ውስጡ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ አየር ያምቃል፣ የታመቀው አየር መዶሻውን ይወረውራል፣ መዶሻው ፑንታውን ከኋላ ይመታል። ስለዚህ የሚመታው አየሩ ነው እንጂ የእናንተ ደረት አይደለም። ደረታችሁን አስደግፋችሁ ብትገፉት ቀዳዳው አይፈጥንም፤ ሚዛናችሁን ነው የምታጡት።

እጀታው የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ፑንታው ፌሮ ላይ ሲነክስ በድንገት ይቆማል። ሞተሩ ግን መዞር ይፈልጋል፤ ፑንታው ካልዞረ የሚዞረው ማሽኑ ነው፣ ማሽኑን የያዘው የእጅ አንጓም አብሮ ይዞራል። ጥሩ ማሽን ውስጥ ያን ጊዜ የሚንሸራተት ክላች አለ፤ ግን ክላቹ የሚረዳው ማሽኑን በሁለት እጅ የያዘ ሰውን ነው። በየሳይቱ የጎን እጀታው የወለቀ ድሪል አያለሁ። "ጠባብ ቦታ አላስገባ አለን" ይላሉ። እጀታው እኮ ይዞራል፤ ለቀቅ አድርጎ በተመቸ በኩል ማሰር ነው።

አሁን ወደ ሽቦው። የእኛ ሰው "ኤሌክትሪክ ያዘው" ይላል። ይህ አባባል ሳይንስ ነው። ቻርለስ ዳልዚኤል የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ፈቃደኞች ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ሰው እጁን መልቀቅ የሚያቅተው መቼ እንደሆነ ለካ። ለወንዶች አማካዩ 16 ሚሊአምፔር፣ ለሴቶች 10.5 ገደማ ሆነ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጡንቻ ይኮማተራል፣ ጣት አይከፈትም፤ በእውነት ይይዘዋል። በ220 ቮልት የሚሠራ የ800 ዋት ድሪል 3.6 አምፔር ይስባል። የሰውን እጅ ለማሰር ከዚያ 200ኛው ክፍል እንኳ አይፈጅም! ቆጣሪ አጠገብ ያለው ተራ ብሬከር ይህን አያየውም፤ እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ዳልዚኤል እ.ኤ.አ. በ1961 ሰውን የሚጠብቅ ሌላ ማቋረጫ ፈጠረ። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው ካልተመለሰ፣ ልዩነቱ 5 ሚሊአምፔር ሲደርስ በቅጽበት ያጠፋል። በእኛ ገበያ የሚገኘው በአብዛኛው 30 የሚል ነው፤ እሱም ሕይወት ያተርፋል።

የስፒናው የመሬት መስመር ሥራም ይኸው ነው፦ ሽቦ ተልጦ የማሽኑን አካል ቢነካ ኤሌክትሪኩ በሰው ሳይሆን በመሬት ሽቦው እንዲሄድ። "ሶኬቱ አልገባ አለ" ብሎ ሦስተኛዋን እግር በፒንሳ መቁረጥ ያንን መንገድ ዘግቶ "በእኔ እለፍ" ማለት ነው። ማሽናችሁ መጀመሪያውኑ ሁለት እግር ካለውና ላዩ ላይ ካሬ ውስጥ ካሬ ከተሣለበት አትደንግጡ፤ ሁለት እጥፍ የተሸፈነ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ገመዱ ከተላጠ ወይም ከራሰ አያድንም።

ይህ ሁሉ እኛ ዘንድ እንዴት ደረሰ? የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ 460 ሜጋዋት ማመንጫ ደግሞ ውኃውን የሚወስደው በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ነው፤ ያ የሞን ሴኒ ርዝመት መሆኑ ነው። ዓለት መብሳት እኛም ጋ ደርሷል። የጋራዡንና የሳይቱን ቃላት ተመልከቱ፦ ፑንታ፣ ፌሮ፣ ስፒና፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ቃሉን ተቀበልን፣ ማሽኑን ተቀበልን። ማሽኑ ላይ ያለውን መጠበቂያ ግን እንደ ትርፍ ዕቃ እየፈታን ጣልነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ጎበዝ የብረት ሠራተኛ ነው። አነስተኛ ግራይንደር ላይ ትልቅ ዲስክ እንዲገባ ክዳኑ ወልቆ ነበር። ትንሹ ባለ 115 ግራይንደር በደቂቃ 11 ሺህ ጊዜ ይዞራል። ባለ 180 ዲስክ ግን ላዩ ላይ የተጻፈው ገደብ 8,500 ነው። የዲስክ ጠርዝ በሰከንድ 80 ሜትር ሲሄድ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲገፉት ይበተናል። ተበተነ፣ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው። ልንጠይቀው ስንሄድ ሰው ሁሉ "ነፍስህ ተርፏል፣ ተመስገን፤ ዕድልህ ነው" አለው። ተመስገን ማለት ተገቢ ነው። "ዕድልህ ነው" የምትለዋ ግን አልዋጥልህ አለችኝ። ዕድል ካልነው አንቆጥረውም። ካልቆጠርነው ምክንያቱን አንጠይቅም። ካልጠየቅን ደግሞ በማግሥቱ ሌላ ልጅ ያንኑ ግራይንደር ያለ ክዳን ያነሣዋል።

የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው። መሣሪያ የተሻሻለው የተጎዳው ሰው በተቆጠረበት ቦታ ነው። ዳልዚኤል ለካ፣ ኮንግረስ ጠየቀ፣ ሐኪሙ መዝገብ አገላበጠ። እኛ ክዳኑን ስንፈታ ያን ሁሉ ሰው እንዳልነበረ ማድረጋችን ነው፤ ከክፍያው በፊት ወደነበረው ዘመን እንመለሳለን።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያዛል፤ ሠራተኛም የተሰጠውን እንዲጠቀም። የቃል ውልም ውል ነው። መነፅርና ማስክ መጠየቅ ልመና አይደለም።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማሽናችሁን አገላብጡት። እጀታው አለ? ክዳኑ አለ? ገመዱ ደህና ነው? ዲስኩ የብረት ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቀን አላለፈበትም? ፑንታ ስትቀይሩ ስፒናውን ንቀሉ። ከማብሪያና ከሶኬት በላይ ቀጥ ብሎ ያለውን ግድግዳ አትብሱ፤ ሽቦው በዚያ ነው የሚያልፈው። ፎጣም ሆነ የተንዘላዘለ እጅጌ ከሚሽከረከር ነገር ጋር አይስማማም።

የጎደለ ነገር ካገኛችሁ ለአሠሪያችሁ ንገሩ። በሥራ ላይ ያያችሁት አደጋ ካለ ደግሞ ስም ሳትጠሩ እዚህ ሥር ጻፉልኝ፦ ምን ማሽን ነበር፣ ምን ጎድሎት ነበር፣ ምን ደረሰ። ቢያንስ እኛ እንቁጠር።

እጃችሁን፣ ዓይናችሁን፣ ሳንባችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅላችሁ፤ እናንተም ጠብቁት። ሰላም ሁኑልኝ።