የተመልካች ብድር፤ ከሐመር ሜዳ እስከ ሎንዶን ቴአትር ቤት



የቴአትር ታሪክ ሲነገር ዘወትር ስማቸው የሚጠራው ደራሲውና ተዋናዩ ናቸው። ሦስተኛው ወገን፥ ማለት ከፍሎ ወይም ተጠርቶ የሚመጣው ተመልካች፥ እንደ ወንበሩና እንደ መጋረጃው ከአዳራሹ ዕቃ ጋራ ተቈጥሮ ይታለፋል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስለ ተረሳው ሰው ነው። የቴአትር ቤት ነገር ሆኖ ሳለ ከደቡብ ኦሞ መጀመራችን አይግረማችሁ፤ የተመልካችነት ትርጕም በዚያ አገር ከከተማው ይልቅ ጐልቶ ይታያልና።

ከእናንተ መካከል በመንግሥት ሥራ ወደ ጂንካ ተመድቦ የኖረ ሰው፥ ወይም ቀድሞ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል የነበረውን፥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኘውን ያን ሰፊ አገር በጕብኝት ያየ ቢኖር፥ የሐመርን የከብት ዝላይ ወሬ ሳይሰማ አልቀረም። ሐመሮች «ኡኩሊ ቡላ» ይሉታል። ጐልማሳው ሚስት ለማግባት የሚበቃው፥ ጐን ለጐን ተሰልፈው በተያዙ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቍቱን ሮጦ፥ ሳይወድቅ ደጋግሞ ከተመላለሰ በኋላ ነው። ይህን የፈጸመው ከ«ማዝ»፥ ማለት ዘለው ካለፉት ጐልማሶች ማኅበር ይገባል።

ጥሪው በወረቀት አይደለም። ለቤተ ዘመድ የሚላከው የተቋጠረ ልጥ ነው። ተቀባዩ በየቀኑ አንዳንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ የመጨረሻው ቋጠሮ የተፈታ ዕለት በዓሉ ደረሰ ማለት ነው። በዕለቱም የተጠራው ሰው እጁን አጣምሮ ለማየት አይመጣም። ወንዶቹ ከብቱን ያሰልፋሉ፥ ይይዛሉ። የጐልማሳው እኅቶችና የዘመድ ልጃገረዶች መለከት እየነፉ፥ እየዘፈኑ፥ በእግራቸው ባሰሩት ቃጭል ምድሩን እየመቱ ይጨፍራሉ፤ ማዞቹንም በቀጭን አለንጋ እንዲገርፏቸው ይለምናሉ። ይህን ግርፋት ለማመስገን አላነሣሁትም፤ ሰውነትን የሚያቈስል ልማድ እንዲቀር የሚመክሩትን ወገኖች ምክንያት እቀበላለሁ። ነገር ግን ትርጕሙን ሳያውቁ መፍረድ አይገባም። በጀርባዋ የሚቀረው ጠባሳ ለወንድሟ ስትል የከፈለችው ዋጋ ምስክር ነው፤ ኋላ ችግር ቢደርስባት፥ ወይም ባል ሞቶባት ብቻዋን ብትቀር፥ ወንድሟ ሊረዳት ግዴታ አለበት። ስለዚህ በቀድሞው ሥርዐት ከሜዳው የተገኘ ሁሉ ወይ አበዳሪ ነው፥ ወይ ብድር መላሽ ነው።

የከብት ዝላዩ ቴአትር ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰውን ከአንድ ዕድሜ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሥርዐት ነው። ዳሩ ግን በተመልካቹ ነገር የሚመስለው አንድ የቴአትር ልማድ ከ300 ዓመት በፊት በሎንዶን ከተማ ነበረ። ስለ እንግሊዝ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቀዳማዊ ጆርጅ በእንግሊዝ አገር የነገሠው በ1714 ነው፤ ልጁ ዳግማዊ ጆርጅ በ1727 ተተክቶ እስከ 1760 ቈየ። በእነዚህ ዘመናት ሎንዶን ውስጥ ቴአትር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ይጀመር ነበር። የቦታ ቍጥር በትኬት ላይ ስላልነበረ ባለጸጎቹ አሽከሮቻቸውን ከብዙ ሰዓት በፊት እየላኩ ቦታ ያስይዙ ነበር። በላይኛው ሰገነት ለመቀመጥ 1 ሽልንግ ይበቃል፤ ለመኳንንቱ ሎጅ እስከ 5 ሽልንግ ይከፈላል። (ሽልንግ ስንል የእኛን 50 ሣንቲም ማለታችን አይደለም፤ በዚያን ጊዜ 20ው አንድ ፓውንድ ይሆን ነበር።) ጌቶቻቸውን አጅበው የመጡት አሽከሮች በድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት ላይኛውን ሰገነት በነጻ ይዘው፥ ቴአትሩ ደስ ያላላቸው እንደ ሆነ ከዚያ ሆነው ይጮኹና ይረብሹ ነበር። በ1737 ትልቅ ሁከት አስነሥተው ያ ነጻ መብት ተሻረባቸው።

የተዋናዩ ደመወዝ አነስተኛ ነበረ፤ ለብዙዎቹም በየጊዜው አይከፈልም። ስለዚህ «ቤኔፊት» የሚባል ልማድ ተቋቋመ፤ እኛ የመጥቀሚያ ምሽት ብንለው ይስማማዋል። በዓመቱ የቴአትር ወራት መጨረሻ፥ ከመጋቢት ጀምሮ፥ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ ምሽት ይሰጠዋል፤ የዚያ ምሽት ገቢ የቤቱ ወጪ ተቀንሶለት የእርሱ ይሆናል። ታናናሾቹ ተዋንያን ለሁለት ወይም ለሦስት ሆነው አንድ ምሽት ይካፈላሉ፤ በር ጠባቂውና ገንዘብ ተቀባዩ ሳይቀሩ ድርሻ ነበራቸው። ኮሊ ሲበር የተባለው ተዋናይ በ1740 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ ይህ ክብር መጀመሪያ የተሰጠው በንጉሥ ጄምስ ዘመን ኤልሳቤጥ ባሪ ለተባለች ተዋናይት እንደ ነበረ ጽፏል። ደራሲም ቢሆን ክፍያው እንዲሁ ነው፤ ድርሰቱ በታየ በሦስተኛው ሌሊት፥ ከበረታም በስድስተኛውና በዘጠነኛው፥ ትርፉን ይወስዳል። ጆን ጌይ በ1728 «የለማኙ ኦፔራ» የተባለው ድርሰቱ በአንድ የቴአትር ወቅት 62 ጊዜ ስለታየለት ከእነዚህ ሌሊቶች 700 ፓውንድ ያህል አገኘ።

አሁን ወደ ተመልካቹ እንመለስ። የመጥቀሚያው ምሽት ሲቃረብ ተዋናዩ ራሱ ትኬቱን ይዞ በየታላላቁ ሰው ደጅ ይዞራል። በዚያ ሳምንት ትናንት ንጉሥ መስሎ የታየው ሰው ዛሬ ደጅ ጠኝ ነው። ወዳጁ የሆነ ባለጸጋ ለ5 ሽልንጉ ትኬት ወርቅ ይሰጠዋል፤ ስጦታውም በከተማው ይወራል። ተዋናዩ በምሽቱ የሚሠራውን ክፍል ራሱ ይመርጣል፤ ሐዘንተኛው ቀልደኛ ይሆናል፥ ዘፍኖ የማያውቀው ይዘፍናል፤ በአህያ ላይ ተቀምጠው የስንብት ንግግር እስከ ማሰማት የደረሱም ነበሩ። ይህ ሁሉ ብድር መላሽ ነው። በሠርግ ላይ ያስመዘገቡትን ገንዘብ ልብ አድርጎ የሚይዝ ኢትዮጵያዊ፥ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጥፎ ስሙ በግጥም እንዲጠራ የሚጠብቅም ሰው ነገሩን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ብድሩ የሞተ ሰው ዘመድ ድረስ የሚሻገርበት ጊዜም ነበረ። በ1750 በሚያዝያ ወር የታላቁ ባለቅኔ የሚልተን የልጅ ልጅ በድኽነት መኖሯ ስለ ተሰማ፥ «ኮመስ» የተባለው የአያቷ ድርሰት በድሩሪ ሌን ለእርሷ መርጃ ታየ። የመግቢያውን ግጥም ሳሙኤል ጆንሰን ጻፈ፤ ዴቪድ ጋሪክ ከመድረክ አነበበው።

ነገር ግን ልማዱ ጥሩ ብቻ አልነበረም። አዳራሹ ሲሞላ ትርፍ ተመልካቾች በመድረኩ ላይ በተሠራ የእንጨት መቀመጫ እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። ታት ዊልኪንሰን የተባለ ተዋናይ በኋላ ዘመን ሲጽፍ፥ በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት ሚስስ ሲበር የሮሜዎን ጁልየት ሆና በመቃብሩ ውስጥ ስትጋደም ከኋላዋ 200 ያህል ሰዎች ተቀምጠው እንደ ነበሩ ይተርካል። ሙት ናት በተባለችው ወጣት ራስጌ 200 ባለ ቆብና ባለ ካባ! ገንዘቡ ተገኘ፤ መቃብሩ ግን መቃብር መምሰሉ ቀረ።

ብድሩ ሌላም አደጋ ነበረበት። የገንዘብ አበዳሪ የሆነው ታላቅ ሰው በመድረክ ሲሰደብ ዝም አይልም። ጆን ጌይ «ፖሊ» ብሎ ያዘጋጀው ሁለተኛው ድርሰት ሳይታይ በ1728 መጨረሻ ታገደ፤ በ1737ም ማንኛውም ድርሰት አስቀድሞ በቤተ መንግሥት ሹም እንዲመረመር ሕግ ወጣ። ለዚህ እንኳ እኛ ምሳሌ አናጣም። በሩስያ ተምረው የተመለሱት፥ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ «ፋቡላ» የተባለውን ያውሬዎች ኮመዲያ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ባሳዩ ጊዜ፥ ተመልካቾቹ መኳንንትና ታላላቅ እንግዶች ነበሩ። በአውሬ ምሳሌ የተነገረው ነቀፋ የራሳቸውን ቤት እንደሚነካ ማወቅ አልቸገራቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱም መንግሥት ድርሰቱ ታገደ። ሰፊው ሕዝብ የቴአትር ተመልካች የሆነው ዘግየት ብሎ፥ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውም ትልቁ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፥ ያንኑ ተመልካች አስፍቶ ተቀበለ።

ወደ ጀመርንበት ወደ ሐመር እንመለስ። ባለፉት ዓመታት ቱርሚና ዲመካ የውጭ አገር ጐብኚ የሚጐርፍባቸው ስፍራዎች ሆነዋል። አስጐብኚው የከብት ዝላይ መኖሩን ሲሰማ እንግዶቹን በመኪና ያደርሳል፤ በየራሳቸው ይከፍላሉ፤ ከሜዳው ይገባሉ። በሙርሲም አገር ገንዘቡ የሚቈጠረው በፎቶግራፍ ነው፤ አንድ ሥዕል ሲነሣ አንድ ክፍያ። ዴቪድ ተርተን የተባለው የሙርሲን ኑሮ ብዙ ዘመን ያጠና ሊቅ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ይህን ግብይት የሚመረምር ጽሑፍ አሳትሟል።

እኔ ክፍያውን ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። ድርቅ ከብቱን የሚጨርስበት፥ ማሽላውም የሚከዳው ሰው፥ ሌላው ስለ እርሱ በሚያነሣው ሥዕል ሲጠቀም እርሱ ባዶ እጁን ይቅር ማለት ፍርድ አይሆንም። የከበደኝ ሌላ ነው። የጐብኚው ገንዘብ ብድር አይደለም፤ ዋጋ ነው። ከፍሎ፥ አይቶ፥ በማግስቱ ወደ አርባ ምንጭ ይነሣል። የልጃገረዷን ጠባሳ ሥዕል ይዞ ይሄዳል፤ ያ ጠባሳ ወደፊት የሚያስከፍለውን ዕዳ የሚከፍለው ግን ወንድሟ ብቻ ነው። ካሜራውን ደግኖ በከብቶቹና በዘመዶቹ መካከል የቆመው እንግዳ ከሚስስ ሲበር ኋላ ከተቀመጡት 200 ሰዎች በምን ይለያል? እነዚያ እንኳ ተዋናይቱን በስሟ ያውቋት ነበር።

ዴቪድ ጋሪክ በ1762 ገደማ ተመልካቾችን ከመድረኩ ላይ ለማስወረድ በቈረጠ ጊዜ ተዋንያኑ ከመጥቀሚያው ምሽት የሚያገኙትን ገንዘብ እንዳያጡ ፈርተው ነበር። ስለዚህ በትእዛዝ ብቻ አልጨረሰውም፤ የድሩሪ ሌንን አዳራሽ አስፍቶ፥ ከመድረኩ ለሚነሡት ሰዎች ከፊት ለፊት ቦታ አበጀላቸው። ገቢውም አልጐደለም፤ መድረኩም ለተዋናዩ ተለቀቀ።

በደቡብ ኦሞም እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ በከፊል ተበጅቷል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 በጂንካ ከተማ የደቡብ ኦሞ የጥናት ማዕከልና ሙዚየም ተቋቁሟል። ከመሥራቾቹ አንዱ ኢቮ ሽትሬከር ከባለቤቱ ከጂን ላይዳል ጋራ በሐመር መንደር ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ቋንቋውን ያጠና፥ በ1979ም ስለ ከብቱ ዝላይ ፊልም የሠራ ሰው ነው። የጥሪውን፥ የዝግጅቱንና የዘመዶቹን ነገር አስቀድሞ በጂንካ ሰምቶ የሚወርድ እንግዳ ቢያንስ ማን በማን ምክንያት እንደሚጨፍር ያውቃል። በቱርሚና በዲመካ ያሉት አስጐብኚዎች፥ የወረዳው ባለሥልጣኖችና ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው እንግዳው የሚቆምበትን ዳር ቢወስኑ፥ ክፍያውም ለባለ በዓሉ ቤት በግልጽ ቢደርስ፥ የሚጐዳ ወገን አይታየኝም።

እስከዚያው ድረስ በሐመር ኮረብታዎች ላይ ልጡ መላኩ አልቀረም። የሩቅ ዘመድ ከብት ባሳደረበት ስፍራ ሆኖ በየማለዳው አንዳንድ ቋጠሮ እየፈታ ቀኑን ይጠብቃል፤ እንግዳው ደግሞ በሆቴሉ ደጅ መኪናው እስኪነሣ ይጠብቃል፤ ሁለቱም በአንድ ቀትር ከአንድ ሜዳ ይደርሳሉ።