የሃሎዊን ፋኖስ ለምን ዱባ ሆነ?

አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ ልጆች ይህን ፎቶ አይታችሁት ይሆናል። በር ላይ አንድ ትልቅ ዱባ ተቀምጧል፤ ዓይንና ጥርስ ተቀርጾለታል፤ ከውስጡ ሻማ ይበራል። ሃሎዊን የሚውለው ኦክቶበር 31፣ በእኛ ጥቅምት 21 ገደማ ነው። ቤት ለማስጌጥ ከዚህ የረከሰ ነገር ማግኘት ይከብዳል፤ አንድ ዱባ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሻማ ይበቃል። ግን ለምን ዱባ? ሐባብ ለምን አልሆነም?

ብዙ ሰው የሚነግራችሁ ታሪክ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አየርላንድ ውስጥ ሳዊን የሚባል የቆየ በዓል ነበር። መኸሩ አልቆ ክረምቱ ሲገባ ይከበራል፤ በዚያች ሌሊት መናፍስት ይወጣሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ሰዎች ተርኒፕ የሚባለውን፣ እንደ ቀይ ስር ከመሬት የሚነቀል አትክልት ፈልፍለው አስፈሪ ፊት ይቀርጹበትና እሳት ያስገቡበታል። ሰይጣንን ስላታለለ ጃክ የሚባል ሰውም ተረት አላቸው። ሲሞት ገነትም ሲኦልም አልቀበልህ አሉት፤ እናም ተርኒፕ ውስጥ ፍም ይዞ በጨለማ ይንከራተታል። ጃክ ኦ ላንተርን፣ ማለትም ባለ ፋኖሱ ጃክ፣ እሱ ነው።

ከዚያ 1845 መጣ። ድንችን የሚያበሰብስ በሽታ አየርላንድ ገባ። አብዛኛው ድሃ የሚኖረው በድንች ስለነበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። ስደተኞቹ አሜሪካ ሲደርሱ ዱባ አገኙ፣ ተርኒፑን ተዉት፣ ታሪኩም እዚህ ላይ አለቀ ይባላል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ችግሩ ዓመቶቹን ስትደረድሯቸው ነው። ጆን ግሪንሊፍ ዊቲየር የሚባል አሜሪካዊ ገጣሚ ስለ ዱባ በጻፈው ግጥም ውስጥ፣ በልጅነቱ ዱባ ላይ አስፈሪ ፊት እየቀረጹ ሻማ ያስገቡበት እንደነበር ያስታውሳል። ዊቲየር የተወለደው በ1807 ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው። ረሃቡ ሲጀምር የ37 ዓመት ሰው ነበር ማለት ነው! ስለዚህ የዱባው ፋኖስ የረሃቡ ስደተኞች ከመምጣታቸው በፊት እዚያው ነበረ፤ የመኸር ወቅት የልጆች ጨዋታ ነበር። ታዲያ ስደተኞቹ ምን አመጡ? ከአየርላንድም ከስኮትላንድም የመጡት ሰዎች ይዘውት የመጡት ሌሊቱን ነው፣ ማለትም ሃሎዊንን ራሱን። ፋኖሱና በዓሉ ቀስ በቀስ ተገናኙ። ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲደረስ ዱባ የሃሎዊን ምልክት ሆኖ ነበር።

ተርኒፕ ለምን ተሸነፈ? እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን በእጄ ካልሞከርኩት አይገባኝም። ተርኒፕ ሳጣ በቀይ ስር ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓት ፈለፈልኩ፤ ማንኪያዬ ጎበጠ፣ ጣቶቼ ቀሉ፣ የወጣው ጉድጓድ ግን ለትንሽ ሻማ እንኳን አልበቃም። ለምን መሰላችሁ? ሥር ተክሉ ምግቡን የሚያጠራቅምበት ስለሆነ ውስጡ ድፍን ነው። ዱባ ግን ፍሬውን የሚይዝበት ክፍተት አለው፤ መሃሉን ተፈጥሮ ፈልፍላ ትሰጣችኋለች። አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ ደግሞ ከሻማው አጠገብ ሆኖ ቶሎ አይቃጠልም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያስፈልጋል። የሞቀው አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በአፉና በዓይኑ ይገባል፤ ምድጃ ላይ ያለ ጭስ ማውጫም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ቀዳዳውን ብትደፍኑት ነበልባሉ ይደክማል።

ዱባ ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የተገኘ ነው። ሜክሲኮ፣ ኦሃካ ውስጥ ጊላ ናኪትስ በሚባል ዋሻ የተገኙ ፍሬዎች እንደሚያሳዩት ሰው ዱባን ማልማት የጀመረው ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እናታችሁ ወጥ የምትሠራበት ዱባም ዘሩ ከዚያው አህጉር ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከ1492 በኋላ ነው።

መሞከር ካማራችሁ ቢላዋውን ለትልቅ ሰው ስጡ፤ በሻማ ፋንታ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ይሻላል። ሥጋውን ለወጥ፣ ፍሬውን ለቆሎ አስቀሩ። ቀጥሎ ደግሞ "ይህ ልማድ የመጣው ከእንትን ነው" የሚላችሁ ሰው ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ዓመቶቹን ደርድሯቸው።