ኢብኑ ሰቢል በጎጃም መንገድ

በእስልምና ቤት አልባውን ማስጠጋት በሰጪው ደግነት ላይ ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። ሱረቱ አት-ተውባ በ60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር በመጨረሻ የሚያነሣው ኢብኑ ሰቢልን፣ ማለትም ስንቁ በመንገድ ያለቀበትን መንገደኛ ነው። ይህ ሰው በአገሩ ባለጸጋ ቢሆንም እንኳ በደረሰበት ስፍራ ችግረኛ ነውና ድርሻው አይነፈገውም።

የሕጉ መንፈስ ጐልቶ የታየው በመዲና ነው። እ.ኤ.አ. በ624 ቂብላ ከኢየሩሳሌም ወደ መካ ሲዞር፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ሰሜናዊ ወገን የቀረው ጣሪያ ያለው ስፍራ፣ ሱፍፋ፣ ቤትና ዘመድ ለሌላቸው ሙሃጅሮች ማደሪያ ሆነ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እዚያ ካደሩት አንዱ ናቸው። ነቢዩም ለሁለት ሰው የሚበቃ ምግብ ያለው ሦስተኛ ይዞ እንዲሄድ እያዘዙ ያከፋፍሏቸው ነበር። መጠለያው ከመስጊዱ ቅጥር ውጭ አለመሠራቱን ልብ ይሏል።

የአገራችን ሙስሊም ይህን ሕግ ያነበበው በመንገደኛ ዓይን ነው። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ በደጋው ክርስቲያናዊ መንግሥት ርስት መያዝም በአብዛኛው ስለ ተከለከሉ ኑሯቸው በሽመናና በንግድ ላይ ቆመ። ሲራራ ነጋዴው በጎጃም ሲያልፍ ለአዳሩ የሰው ፈቃድ ይሻ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዚያ ገጠር ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ያለን ሰው መመለስ ነውር ነበር። የጎጃም የቆሎ ተማሪና የወሎ ደረሳ የኖሩትም በዚሁ ልማድ ነው። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ቢሆንም ጣሪያ አልተለየም።

ይህን አድንቆ ማለፍ ግን ታሪክን ማጉደል ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ ወደ ባሶ ገበያ ይመጡ ከነበሩት ሸቀጦች፣ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር፣ ባሪያዎችም ነበሩ፤ የንግዱም ብዙው እጅ በሙስሊም ነጋዴዎች ተይዞ ነበር። ነጋዴው ራሱን ኢብኑ ሰቢል ብሎ ማደሪያ እየጠየቀ፣ ከቤታቸው የተነጠቁ ልጆችን እየነዳ ያልፋል። ያው የአት-ተውባ አንቀጽ ግን ከኢብኑ ሰቢል አስቀድሞ፣ በአምስተኛው ተራ፣ ባሪያን ነፃ ለማውጣት ከዘካ ድርሻ መድቧል። የአገራችን የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እንግዳ አክባሪነት ብዙ ሲሉ፣ ስለዚህኛው ድርሻ ያሉት ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። ባርነት በአገሪቱ በዐዋጅ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው።

ጉዳዩ ዛሬም አልተዘጋም። ከወለጋና ከመተከል ተፈናቅለው ወደ አማራ ክልል የገቡ ወገኖች በየመጠለያው ዓመታት አሳልፈዋል። ኢብኑ ሰቢል ናቸውን? ሐነፊዎች ቃሉን ከአገሩ ርቆ በመንገድ ለቀረ ሰው ሲሰጡ፣ ሻፊዒዎች ከገዛ አገሩ ለጉዞ የሚነሣውንም ይጨምራሉ። መመለሻ ያጣ ተፈናቃይ በሁለቱም ዘንድ ሊያከራክር ይችላል። ለእኔ ክርክሩን የሚያቃልለው ሱረቱ አል-ሐሽር ነው፤ በ8ኛው አንቀጽ ከቤታቸውና ከሀብታቸው የተባረሩትን ሙሃጅሮች ፉቀራእ፣ ድኾች፣ ብሎ ይጠራቸዋል፤ ድኾች ደግሞ ከስምንቱ ወገኖች የመጀመሪያዎቹ ናቸው።